ቦክስውድ ፍለጋ ወደ ናዝሬት

ዛሬ የምናወራው ስለ ቦክስ ነው። ኧረ ቆዩ፣ ጓንት አታጥልቁ! ጥርስ ስለሚያረግፈው ቦክስ አይደለም፤ "ቦክስውድ" ስለሚባለው ቁጥቋጦ ነው። ስሙን ባታውቁት መልኩን አታጡትም። ፊልም ላይ ሀብታሙ ሰውዬ መኪናውን አቁሞ ወደ ቪላው ሲገባ፣ በሩ ግራና ቀኝ እንደ ኳስ ድቡልቡል ብለው የቆሙት፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ደግሞ እንደ ሣጥን ተስተካክለው የተከረከሙት፣ ደቃቅ ቅጠል ያላቸው ጥቁር አረንጓዴ ተክሎች… አዎ፣ እነሱ ናቸው።

እነዚህ "ኳሶች" ከፊልም ወጥተው የወጣቱ ትዳር ውስጥ ገብተዋል። የሠርግ ፎቶ ሲነሳ ከኋላ እነሱ፣ አዲስ ካፌ ሲከፈት በር ላይ እነሱ (አንዳንዱማ ፕላስቲክ ነው!)፣ ጎጆ የወጣ ሁሉ "ግቢዬን እንደዚያ ባደርገው" ይላል። ችግሩ ምኞቱ ከአውሮፓ፣ ውሃው ከቧንቧ፣ ፀሐዩ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ መሆኑ ነው። አዳማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ወዳጆቼ በዚሁ ነገር ተኳርፈው "ነይና ዳኚን" ስላሉኝ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወረድኩ። ወደ ችሎቱ ከመግባታችን በፊት ግን የጠቡን መነሻ ተክል እናስተዋውቃችሁ።

ይሄ ቦክስ ማነው?

የሳይንስ ስሙ ቡክሰስ ሴምፐርቪረንስ ነው። ሁለተኛው ቃል በላቲን "ሁልጊዜ ለምለም" እንደማለት ነው። አገሩ ደቡብና ምዕራብ አውሮፓ፣ ሰሜን አፍሪካና ምዕራብ እስያ ነው። እንጨቱ ከመክበዱ የተነሳ እርጥቡን ውሃ ላይ ሲጥሉት ይሰምጣል። ማበጠሪያ፣ የቼዝ ጠጠር፣ ለኅትመት የሚቀረጽ የሥዕል እንጨት ሲሠራበት ኖሯል። እንግሊዞች ሣጥንን "ቦክስ" የሚሉትም ከዚሁ ዛፍ ስም ወስደው ነው፤ ትንንሽ ሣጥን ይቀረጽበት ነበርና።

አትክልተኞች የወደዱት ግን በዝግታው ነው። በዓመት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል፤ ድንኩ ዓይነት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለማይቸኩል የተከረከመበትን ቅርጽ ለወራት ይዞ ይቆያል። ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ይሄዳል። ሮማዊው ፕሊኒ ታናሹ ከ1,900 ዓመት በፊት በጻፈው ደብዳቤ፣ በገጠር ቤቱ ግቢ ውስጥ ቦክስ በእንስሳት ቅርጽ ተከርክሞ እንደነበር ይተርካል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ሉዊ 14ኛ አትክልተኛ አንድሬ ለ ኖትር፣ ቬርሳይ ላይ ቦክሱን እንደ ጥልፍ መሬት ላይ ዘረጋው። ዘንባባ በማይበቅልባቸው ብዙ የአውሮፓ አካባቢዎች ደግሞ ሆሳዕና ላይ ምእመናን የሚይዙት የቦክስ ቅርንጫፍ ነው። እኛ ዘንባባውን ቀለበት አድርገን ጣታችን ላይ ስናስር፣ እነሱ ቦክሱን ይዘው ይገባሉ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁማ! የቦክስ ዘመድ እኛም ጋ አለ። ቡክሰስ ሂልደብራንድቲ የተባለው ዝርያ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሶቆጥራ ደሴት ደረቅ ኮረብታዎች ላይ በራሱ ጊዜ ይበቅላል። "የፈረንጅ ተክል" እያልን የምናደንቀው የሥጋ ዘመዱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ድርቅ ይቋቋማል። ያጣው ከርካሚ ብቻ ነው።

ቁልቁል ወደ ሙቀቱ

በፈጣኑ መንገድ ብሄድ ኖሮ አንድ ሰዓት በወጉ ሳይሞላ አዳማ እገባ ነበር። እኔ ግን የሰው ግቢ ማየት አምሮኝ ነበርና በአሮጌው መንገድ ወረድኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማ ወደ 1,600 ገደማ። ጃኬቴን ቢሾፍቱ ላይ አወለቅሁ፣ ሞጆ ላይ ሹራቤን፤ ከዚያ በኋላ የሚወልቅ ስላልነበረኝ መስኮቱን ከፈትኩ።

ቢሾፍቱ ላይ አንድ ነገር አሰብኩ። በየዓመቱ በመስከረም ማብቂያ ገደማ ሆራ ሐይቅ ዳር ኢሬቻ ሲከበር፣ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ይወርዳል። ቡና ስናፈላም ሣር ወይም ቄጤማ እንጎዘጉዛለን። እኛ ለምለም ነገር የምንወደው ታጭዶ፣ ትኩስ ትኩሱን፣ በእጃችን ይዘነው ወይ እግራችን ሥር አንጥፈነው ነው። የፈረንጁ ደግሞ ባለበት ቆሞ፣ በመቀስ ቅርጽ እየተሰጠው መኖር አለበት። ሁለቱም ፍቅር ነው፤ ሁለተኛው ግን ዓመት ሙሉ ውሃና ጉልበት ይጠይቃል።

አዳማ ልትገቡ ስትሉ ኮረብታዎቹ ላይ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች እጃቸውን ሲያወናጭፉ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ጣቢያ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው። ነፋስ ለተርባይን እንጀራው ነው። ለለጋ ችግኝ ግን ጠላቱ ነው፤ ከሥሩ የሚጠጣውን ውሃ ከቅጠሉ ላይ ይቀማዋል። ቦክስን አዳማ ላይ የሚጥለው አፈሩ እንዳይመስላችሁ። የስምጥ ሸለቆ አፈር ብዙ ቦታ ወደ አልካሊነት የሚያደላ ሲሆን፣ ቦክስ ደግሞ መጠነኛ አልካሊ አይጠላም። የሚጥለው የከሰዓት ፀሐይና ይሄ ደረቅ ነፋስ ነው።

ስሟ አጥር የሆነ ከተማ

ከተማዋን "ናዝሬት" ያሏት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. ገደማ በይፋ ወደ ጥንት ስሟ ወደ አዳማ ተመለሰች፤ ሰዉ ግን ዛሬም እንዳፉ በሁለቱም ይጠራታል። ስለ ስሙ ሲነገር የምትሰሙት ደግሞ ደስ ይላል። አዳማ "አዳሚ" ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ አዳሚ ማለት ቁልቋል ነው።

እስቲ አስቡት! ቁልቋል እኮ በአገራችን የታወቀ ሕያው አጥር ነው። ከብት አይበላውም፣ ውሃ አይለምንም፣ አንድ ቁራጭ መሬት ላይ ከተከላችሁት ይጸድቃል። ከአዳማ እስከ መቂ ባሉት መንደሮች ቁልቋሉ፣ ቅንጭቡና እሾሁ ግቢ ሲጠብቁ ታያላችሁ። እኛ የአጥር ተክል ፍለጋ አውሮፓ ስንሄድ፣ ከተማዋ በስሟ ላይ አጥር ተክላ ኖራለች ማለት ነው። (ነጩ ወተቱ ዓይን ስለሚያቃጥል ሕፃናት ባሉበት ግን ተጠንቀቁ!)

የባልና ሚስቱ ችሎት

እናላችሁ፣ ከወዳጆቼ ቤት ደረስኩ። ቤቱ አዲስ ነው፤ ግቢው ገና ቀይ አሸዋ። ከበሩ እስከ ደጃፉ 10 ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለ። ሚስት የምትፈልገው በመንገዱ ግራና ቀኝ ዝቅ ያለ የቦክስ አጥር፣ ደጃፉ ላይ ሁለት ኳስ። ባል "ሞቼ ነው ቆሜ!" ይላል።

የባል ክርክር አጭር ነው። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ጀሪካን ተሸካሚው ደግሞ እሱ ነው። ወረቀት አውጥተን አሰላን። ግራና ቀኝ ሲደመር 20 ሜትር። በየ25 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ችግኝ ቢተከል 80 ችግኝ። ለጋ ችግኝ በዚህ ሙቀት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ሊትር ይጠጣል ብንል በሳምንት 320 ሊትር። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 16 ማለት ነው! ባልየው "16!" ብሎ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው።

የሚስትን ክርክር ለመስማት ግን ባልን ሱቅ መላክ ነበረብን። ያደገችው ወንጂ አካባቢ፣ ሸንኮራ አገዳው መሐል ነው። አባቷ አትክልተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት የኃላፊዎቹን ቤት አጥር ሲከረክሙ ነው። እሷ ልጅ ሳለች ምሳ ስታደርስላቸው ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። "ማንም አላባረረኝም" አለችኝ፤ "ግን ማንም ግቢ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ የከረከመውን አጥር ከውስጥ ሆኜ አይቼው አላውቅም።"

ዝም አልኩ። ጉዳዩ የፋሽን መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ ለካ ሌላ ነው። "ታዲያ ለምን አባትሽን አልጠየቅሽም?" ስላት መልስ አልነበራትም። በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ወንጂ ወረድን።

ወንጂ፦ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ

ወንጂ ከአዳማ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታሪካዊ የአትክልት ቦታ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ቤተ መንግሥት ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ግቢ ማስዋብን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ስኳር ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ነፃነት በኋላ ፊቱን ወደዚህ አዙሮ፣ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። የሸዋው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ተከተለ። በ1967 ዓ.ም. ድርጅቱ በመንግሥት ተወረሰ። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ዛሬ ቆመው በአዲስ ተተክተዋል። ሆላንዶቹ እንደ ልማዳቸው ለባለሙያዎቹ ዛፍና አበባ ያለው ሰፊ ግቢ፣ ለአገዳ ቆራጩ ደግሞ የካምፕ ቤት ነበራቸው።

የአካባቢው ሌላ ታሪክ ከመሬት በታች ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ብዙ የሸለቆው ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ ያልፋሉ። በልጅነት የጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጣው አጥንቱና መገጣጠሚያው ይደርቃል። በወንጂ ሠራተኞች ላይ ይህ በሽታ በሐኪሞች ተጠንቶ የታወቀ ነው። አዳማና ወንጂ ያደጋችሁ፣ የምለውን ታውቁታላችሁ።

የወዳጄ አባት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው የተቀበሉን። ጀርባቸው እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ አንገታቸውን ለማዞር መላ ሰውነታቸውን ማዞር አለባቸው። እጃቸው ግን… አቤት እጅ! ልጃቸው ስለ ቦክሱ ስታወራ ሰምተው ሰምተው ሣቁ።

"ልጄ፣ ስሙን ማን አስተማረሽ? እኔ 30 ዓመት ስከረክም ያ ተክል አልነበረም። ዱራንታ ነበር፣ ቡገንቪላ ነበር፣ የፈረንጅ ጥድ ነበር። አንቺ ያማረሽ ተክሉ አይደለም፤ ቀጥ ያለው መስመሩ ነው። መስመሩ የኔ ነው" አሏት።

እውነቴን ነው፣ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አባትየው ግን ለእንባ ጊዜ አልነበራቸውም፤ አማቻቸውን መቀስ አስመጥተው እዚያው ደጃፋቸው ባለው ቁጥቋጦ ላይ ትምህርት ጀመሩ።

የመቀስ ትምህርት

አንደኛ፦ ዓይንህን አትመን፤ ሁለት እንጨት ትከልና ሲባጎ ወጥር። ሁለተኛ፦ አጥር ከሥሩ ሰፋ፣ ከላዩ ጠበብ ይበል። ላዩ ከሰፋ ለታችኛው ቅጠል ጥላ ይሆንበትና እግሩ ይመለጣል። ሦስተኛ፦ በቀትር ፀሐይ አትከርክም፤ ገና ያልለመደው የውስጥ ቅጠል ይቃጠላል። ደመናማ ቀን ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። አራተኛ፦ መቀሱ ይሳል፤ ዶልዱሞ መቀስ ይቀደዳል እንጂ አይቆርጥም፤ የተቀደደው ጫፍ ደግሞ ይደርቃል። አምስተኛ፦ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ስትሄድ መቀሱን በአልኮል ጥረግ።

ይኸው ትምህርት ለእውነተኛው ቦክስም ቢሆን ፊደል በፊደል ያገለግላል።

ከሰዓት በኋላ እሳቸውን ይዘን አዳማ መንገድ ዳር ወዳለ አንድ የችግኝ መሸጫ ሄድን። ሻጩ "ቦክስ ነው፣ ኦሪጅናል!" እያለ አንድ ችግኝ ከፍ አደረገልን። ሽማግሌው ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው "ይሄማ ዱራንታ ነው" አሉ። እናንተም እንዳትሸወዱ መለያውን ያዙ። የቦክስ ቅጠል ትንሽ፣ ወፈር ያለና ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ርዝመቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የዱራንታ ቅጠል ሰፋ ይላል፣ ሳሳ ይላል፣ ጠርዙ ላይ ብዙ ጊዜ መጋዝ መሳይ ጥርስ አለው። ካልተከረከመ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ አበባ ያወጣና ብርቱካንማ ፍሬ ያንጠለጥላል። ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ልጆች እንዳይበሉት!

ቆቃና ባቱ፦ የውበት ዕዳ

በሦስተኛው ቀን ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መንገድ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ወረድኩ። መንገዱ ቆቃ አጠገብ ያልፋል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሣ ነው። የአትክልት ወዳጅ ግን ቆቃን የሚያስታውሰው በሌላ ነው። እምቦጭ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ የተመዘገበው እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። እምቦጭ እኮ አረም ሆኖ አልተወለደም! ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው ሐምራዊ አበባው አምሮ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ስለወሰዱት ነው። ዛሬ ጣና ሐይቅ ላይ ምን እንደሠራ የማያውቅ የለም።

መንገድ ዳር ቀይና ቢጫ አበባ ተሸክሞ የሚታየው የወፍ ቆሎም እንዲሁ በብዙ አገር በጌጥነትና በአጥርነት ገብቶ፣ ወፍ ዘሩን በትኖለት ግጦሽ የወረረ ነው። ዱራንታም በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ከግቢ አምልጦ ዱር ገብቷል። ስለዚህ ዱራንታ ያላችሁ፣ ፍሬ ሳይዝ ከርክሙት። ቦክስ በዚህ በኩል ጨዋ ነው፤ ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም።

ባቱ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። በሐይቁ ዙሪያ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ የጽጌረዳ እርሻው ሁሉ ውሃ ከሐይቁና ከገባሮቹ ይስባል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ውሃ የሚደርሰው አቢያታ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ሸሽቷል። ሐይቅ እንኳ ልክ አለው። ባልየው በ16 ጀሪካን የተንጨረጨረው ለካ ለራሱ ወገብ ብቻ አልነበረም።

ፈረንጁም ተቸግሯል

"አሜሪካ ያለች እህቴ ቅንጣቢውን በሻንጣ ታመጣልኛለች" የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት! አንደኛ ነገር ተክል ያለ ኳራንቲን ፈቃድ አገር አይገባም። ሁለተኛ፣ ቦክስ በአገሩ ታሟል። ከምሥራቅ እስያ ከሸቀጥ ተክል ጋር የመጣ አንድ የእሳት ራት እ.ኤ.አ. በ2007 ጀርመን ላይ ታየ፤ ከዚያ አብዛኛውን አውሮፓ አዳርሶ እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳ ገባ። አባጨጓሬው ለዘመናት የኖረን አጥር በሳምንታት ውስጥ ራቁቱን ያስቀረዋል። በዚያ ላይ ቅጠሉን የሚያረግፍ ፈንገስ አለ፤ እንግሊዝ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ታይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ደርሷል።

የወንጂዎቹ ሆላንዶች አገር ሄት ሎ የሚባል ታሪካዊ ቤተ መንግሥት አለ፤ በቦክስ ጥልፉ የታወቀ ነበር። ፈንገሱ ሲያስቸግራቸው ቦክሱን ነቅለው በሚመስለው ሌላ ቁጥቋጦ ተኩት። የታሪክ ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተክሉን ቀይረው መስመሩን ጠበቁ! አባትየው በወንጂ የተናገሩትም ይህንኑ አልነበር?

ታዲያ ምን እንትከል?

ለዝቅተኛው አጥር መልሱ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ አለ፤ የጥብስ ቅጠል! አዎ፣ ሥጋ ላይ የምትጥሉት። የሜዲትራኒያን ልጅ ስለሆነ ፀሐይ ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል፣ አልካሊ አፈር አያስደነግጠውም። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም፣ ሲከረከም መስመር ይይዛል። በዚያ ላይ የከረከማችሁት ይበላል! ከጎረቤት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለጋ ጫፍ ቁረጡ፤ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ፤ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ላይ ሰክታችሁ ጥላ ሥር አኑሩት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሥር ይሰዳል። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ትከሉት።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠላል። አንደኛ፣ ውሃ የሚያቁር መሬት። ሁለተኛ፣ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨቱን መቁረጥ። ቦክስና ዱራንታ ከአሮጌ ግንድ ያቆጠቁጣሉ፤ የጥብስ ቅጠል ግን አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ትንሽ ትንሹን፣ ቶሎ ቶሎ ከርክሙት። የሒሳቡ ነገር፦ ለ20 ሜትር 40 ችግኝ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ 1 ሊትር ቢጠጣ 80 ሊትር፤ 4 ጀሪካን። እሱም እስኪለምድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጣም ይቀንሳል። በረኪና የሌለበት የልብስ ማለቅለቂያ ውሃም አልፎ አልፎ ይሆነዋል። ሥሩን ገለባ ብታለብሱለት ደግሞ እርጥበቱ አይሸሽም።

ለውጩ አጥር አጋምን አትናቁ። የአገር ልጅ ነው፤ ቅጠሉ ወፍራምና አብረቅራቂ፣ ነጭ አበባው መዓዛው የሚያውድ፣ ፍሬው የልጅነታችን ከረሜላ። እሾሁ ሌባ ያስቆማል። ክርከማ ይችላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ዱራንታ ካላችሁ አትንቀሉት፤ በክረምት በየወሩ ከርክሙት። ቦክስ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን የምትሉ ደግሞ፣ አስተማማኝ ችግኝ ስታገኙ አንድ ብቻ ግዙ፤ ሰማንያ አይደለም። ታች ቀዳዳ ባለው የሸክላ ገንቦ ተክላችሁ፣ የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት ጥላ የሚሆንለት፣ ነፋስ የማይመታው በረንዳ ላይ አኑሩት። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከደረቀ ብቻ አጠጡት። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ዙሪያውን አትቆፍሩ። ከአዳማ ይልቅ ለአዲስ አበባ ደጋ አየር የተሻለ መሆኑንም አትርሱ።

የችሎቱን ውሳኔ ሳልነግራችሁ! ባልና ሚስቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጥብስ ቅጠል፣ ከውጭ አጋም ሊተክሉ ተስማምተዋል። ሲባጎውን የሚወጥረው ባል ነው፤ አማቱ ወንበር ላይ ሆነው "ወደ ግራ! ዝቅ! ኧረ ዝቅ!" እያሉ ያዝዛሉ። ወንበራቸው የተቀመጠው ከአጥሩ ውስጥ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ የመጨረሻ ምክር። በየከተማው የስኳር ካምፕ፣ የባቡር ጣቢያ፣ የድሮ ሆቴል ግቢ ሲከረክሙ የኖሩ ሽማግሌዎች በየሰፈራችሁ አሉ። ያን ቀጥ ያለ መስመር ያሰመሩት እነሱ ናቸው፤ ስማቸው ግን የትም አልተጻፈም። ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት አንዳቸውን ፈልጉና ቡና ጋብዟቸው። መቀስ አያያዝ በመጽሐፍ አይለመድም። ደግሞ ሰኔ ሩቅ አይደለም፤ ከአሁኑ ጫፍ መቁረጥ ጀምሩ!

ሳምንት በሌላ ወግ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።